ውሃ የማይበላው ዋተርማርክ

የመጀመሪያ ዋተርማርኬን ውሃ በላው። እንዴት መሰላችሁ?

ሁለተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ነበር። ፎቶ ውስጥ የማይታይ ቁጥር፣ ማለትም ዋተርማርክ፣ የሚደብቅ ፕሮግራም ጽፌ አማካሪዬ ቢሮ ገባሁ። ሁለት ሳምንት የለፋሁበት ነው። ፎቶውን ከፈትኩ፤ ምንም አይታይም። ፕሮግራሙን አስኬድኩ፤ የደበቅኩት ቁጥር ቁልጭ ብሎ ወጣ። አማካሪዬ ፈገግ አሉና «እስቲ በስልኬ ላኪልኝ» አሉኝ። ላኩላቸው። እሳቸውም መልሰው ላኩልኝ። «በይ አሁን አንብቢው።»

የወጣው ዝብርቅርቅ ነገር ነበር። ከ64 ቢት (ቢት ማለት አንድ 0 ወይም 1 ነው) 33ቱ ትክክል። ሳንቲም እየወረወርኩ ብገምት የማገኘው ውጤት ማለት ነው። እሳቸው ሻያቸውን መጠጣት ቀጠሉ።

የተደረገው ቀላል ነው። የመልእክት መተግበሪያው ፎቶውን ጄፔግ በሚባለው ዘዴ አምቆታል። እኔ ደግሞ ምልክቱን የደበቅኩት በእያንዳንዱ ፒክስል የመጨረሻ ቢት ላይ ነበር። የአንድ ፒክስል ብሩህነት ከ0 እስከ 255 ነው፤ የመጨረሻውን ቢት ብትቀይሩ 140 የነበረው 141 ቢሆን ነው። ዓይን አያየውም። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው፤ ዓይን የማያየውን ጄፔግም አይፈልገውም። የጄፔግ ሥራ ሰው የማያስተውለውን እያራገፈ ፋይሉን ማሳነስ ነው። እኔ ዕቃዬን የደበቅኩት ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ነበር።

ዛሬ ሥራዬ ይኸው ነው፤ ዋተርማርክና የመልእክት ደህንነት። አዲስ ተማሪ ሲመጣ የማስጀምረውን መንገድ እዚህ እጽፋለሁ። ፓይተን ለሚሞክር ሰው አንድ ቅዳሜና እሁድ ይበቃዋል። ኦፕንሲቪና ናምፓይ የሚባሉትን የፓይተን ቤተ መጻሕፍት ጫኑ፤ 512 በ512 ፒክስል የሆነ፣ ምንም በማያራግፈው በፒኤንጂ የተቀመጠ አንድ ፎቶ ያዙ። ሰማይም ቅጠልም ያለበት ቢሆን ይመረጣል፤ ምክንያቱን በኋላ ታዩታላችሁ።

ስሙ ከየት መጣ?

በአጭሩ፦ ወረቀት ሠሪዎች ሉሁ እርጥብ እያለ ምልክት ያሳርፉበት ነበር። በብርሃን ፊት ሲያዝ ይታያል። ከሚታወቁት ሁሉ ቀደምት የሚባለው የጣሊያኗ ፋብሪያኖ ነው፤ እ.ኤ.አ. 1282 ገደማ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በድምፅ ላይ ደግሞ ኤሚል ሄምብሩክ የተባለ ሰው ሙዚቃ ውስጥ መለያ ኮድ የሚደብቅ ዘዴ አቅርቦ በ1954 የፓተንት ማመልከቻ አስገብቷል። ኮምፒውተር ላይ ስሙን ያወጡለት አንድሪው ቲርከልና ቻርልስ ኦዝቦርን ናቸው፤ 1992 ላይ። ከዚያ በኋላ ነገሩን የገለበጠው ኢንገማር ኮክስ ከባልደረቦቹ ጋር በ1997 ያሳተመው ጽሑፍ ነው። ምልክቱን ማንም በማይፈልገው ጥግ አትደብቁት፤ ምስሉ ካልተበላሸ በቀር ሊነካ በማይችል ቦታ አስቀምጡት ይላል። እኔ ይህን ያነበብኩት ከዚያ ከሻዩ ቀን በኋላ ነው።

ምልክቱን መትከል

መጀመሪያ ፎቶውን ብሩህነትና ቀለም ብላችሁ ለዩት። ኦፕንሲቪ በአንድ መስመር ይሠራላችኋል። ቀለሙን ተዉት፤ ጄፔግ ቀለምን ብዙ ጊዜ በወርድም በቁመትም በግማሽ ስለሚያሳንሰው የሚተማመኑበት ቦታ አይደለም። እኛ የምንሠራው ብሩህነቱ ላይ ነው።

ብሩህነቱን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ብሎኮች ቁረጡት። 512 በ512 ላይ 64 ረድፍና 64 አምድ፣ በጠቅላላው 4096 ብሎክ ይወጣል። እያንዳንዱን ብሎክ በዲሲቲ ለውጡት። ዲሲቲ 64ቱን ፒክስሎች ወደ 64 የሞገድ ቁጥሮች ይቀይራል። ግራ ላይኛው ጥግ የብሎኩ አማካይ ብሩህነት ነው፤ ወደ ቀኝና ወደ ታች በሄዳችሁ ቁጥር ሞገዱ እየደቀቀ ይመጣል። ጄፔግም የሚሠራው ልክ እንዲህ ነው። የምንገባው በራሱ በር ነው ማለት ይቻላል።

ጄፔግ ለ64ቱ ቦታዎች ለእያንዳንዳቸው መጠን የሚሰጥ ሰንጠረዥ አለው። የሞገድ ቁጥሩን ለዚያ መጠን ያካፍልና ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር ያጠጋጋዋል። የሚጠፋው ነገር የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው። በመስፈርቱ ላይ ለብሩህነት በተሰጠው ሰንጠረዥ፣ ጥራት (ሲታመቅ ከ1 እስከ 100 የሚመረጠው ቁጥር) 50 ሲሆን፣ አምስተኛው ረድፍ ሁለተኛው አምድ ላይ 22 አለ። አራተኛው ረድፍ ሦስተኛው አምድ ላይም 22 አለ። ሁለቱም መካከለኛ ሞገድ ናቸው፤ ምስሉን ብዙም አይበጠብጡም፣ ጄፔግም ቶሎ አያራግፋቸውም። መጠናቸው እኩል ነው። ጥንዳችን እነዚህ ናቸው።

ሕጉ ይኸውላችሁ። ቢቱ 1 ከሆነ የመጀመሪያው ቁጥር ከሁለተኛው ቢያንስ በ25 ይብለጥ። ቢቱ 0 ከሆነ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በ25 ይብለጥ። ቀድሞውኑ በትክክለኛው አቅጣጫ 25 ከሞላ አትንኩት። ካልሞላ የጎደለውን ለሁለት ከፍላችሁ አንዱን ጨምሩ፣ ሌላውን ቀንሱ። ከዚያ ዲሲቲውን ገልብጣችሁ ብሎኩን ወደ ፒክስል መልሱት።

አንድ ብሎክ ቀረብ ብለን እንይ። ሁለቱ ቁጥሮች 7 እና ሲቀነስ 3 ናቸው እንበል። መትከል የምንፈልገው 1 ነው። ልዩነታቸው 10 ስለሆነ 15 ይጎድላል። ግማሹን ለአንዱ ስንጨምር፣ ግማሹን ከሌላው ስንቀንስ 14.5 እና ሲቀነስ 10.5 ይሆናሉ። አሁን ጄፔግ በጥራት 50 ይምጣ። 14.5 ለ22 ሲካፈል 0.66፤ ተጠጋግቶ 1፣ ተመልሶ ሲባዛ 22። ሌላው ሲቀነስ 0.48፤ ተጠጋግቶ 0። 22 ከ0 ይበልጣል። ቢቱ ተርፏል። ምልክት ባንተክልበት ኖሮ 7ም ሲቀነስ 3ም ዜሮ ሆነው ያርፉ ነበር።

25ን ለምን መረጥኩ? ልዩነቱ ከ22 ካላነሰ ሁለቱ ሲጠጋጉ እኩል ሊሆኑ አይችሉም። ሦስቷ ትርፍ ፒክስሎቹ ራሳቸው ወደ ሙሉ ቁጥር ሲጠጋጉ ለሚመጣ ጫጫታ መጠባበቂያ ናት። የሁለቱ መጠን እኩል ይሁን ያልኩትም በዚሁ ምክንያት ነው። በእኩል መጠን ማጠጋጋት ቅደም ተከተልን አይገለብጥም። ቢብስ እኩል ያደርጋቸዋል እንጂ ትልቁን ትንሽ አያደርገውም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ማንበብ ላይ እንመለስባታለን።

እንግዲህ «ታዲያ 80 አድርጌ ለምን አልገላገልም?» የሚል አይጠፋም። እኔም ብዬ ነበር። የምስል ጉዳት በፒኤስኤንአር ይለካል፤ አሃዱ ዴሲቤል ነው፣ በበዛ ቁጥር ጥሩ። ለስላሳ ምስል ላይ በ25 ሲተከል ስሌቱ 41 ገደማ ይሰጣል፤ 40 ካለፈ ዓይን ብዙም አይጠረጥርም። በ80 ግን ወደ 31 ይወርዳል። ቅጠሉ ላይ አሁንም አይታይም፤ ቅጠል ራሱ ውጥንቅጥ ስለሆነ ሁሉን ይሸፍናል። ሰማዩ ላይ ግን ወንፊት የተዘረጋበት ይመስላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው። ሰማይና ቅጠል ያለበት ፎቶ ያዙ ያልኳችሁ ይህን በዓይናችሁ እንድታዩት ነው።

64 ቢት፣ 64 ጊዜ

የምንደብቀው 64 ቢት ነው። ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ ኢሜይል እንዳታስገቡ አደራ። ዋተርማርክ ምስጠራ አይደለም፤ ዘዴውን የሚያውቅ ሰው ካነበበው የሰው ምስጢር ሜዳ ላይ ተበተነ። ትርጉም የሌለው ቁጥር ይሁን፤ ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚናገረው መዝገብ እናንተ ዘንድ ይቀመጥ።

64ቱን ቢቶች 8 በ8 ብሎክ በሆነ ንጣፍ ላይ ደርድሯቸው። ንጣፉ 64 በ64 ፒክስል ይሆናል። ከዚያ ሸክላ እንደሚያነጥፍ ሰው በመላው ምስል ላይ ደጋግሙት። በ512 በ512 ላይ 64 ጊዜ ይገባል። እያንዳንዱ ቢት በ64 ብሎክ ተጻፈ ማለት ነው።

ቢቶቹን መቼም በተራ አትደርድሯቸው። ቦታቸውን በምስጢር ቁልፍ አዘዋውሩ፤ ቢቶቹንም ከዚያው ቁልፍ በሚወጣ የዘፈቀደ ቢት ገልብጡ። እዚህ ጋ የሠራሁትን ስህተት ልናገር። ቁልፌ 42 ነበር። ከተለመደው የናምፓይ ዘፈቀደ ውስጥ 42 ብዬ ጀመርኩ፤ ፕሮግራመር ሁሉ እንደሚያደርገው። አንድ የክፍል ጓደኛዬ ከ0 እስከ 9999 ሞክሮ ምሳ ሳይደርስ ገባበት። ቁልፉ 128 ቢት ይሁን፣ ለክሪፕቶግራፊ ከተሠራ ማመንጫ ይውጣ። የምስጠራ ሊቁ ኦጉስት ኬርክሆፍስ በ1883 ያስቀመጠው ሐሳብ እዚህም ይሠራል፤ ዘዴው በጠላት እጅ ቢወድቅም የሚጠብቃችሁ ቁልፉ መሆን አለበት።

አንድ ደካማ ጎን አለ፤ አልደብቅም። ሁልጊዜ ያንኑ ጥንድ ከተጠቀማችሁ፣ የሁለቱን ቁጥሮች ልዩነት ቆጥሮ በግራፍ የሚያይ ሰው በ25 እና በሲቀነስ 25 ላይ ሁለት ጉብታ ያገኛል። በተፈጥሮ ምስል ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ስለዚህ ጥንዱንም ቁልፉ ይምረጠው። ለምሳሌ በዚያው ሰንጠረዥ ላይ 24 ያለባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ፦ አንደኛው ረድፍ አምስተኛው አምድ፣ ሦስተኛው ረድፍ አራተኛው አምድ፣ ስድስተኛው ረድፍ አንደኛው አምድ። ከእነሱ ሦስት ጥንድ ይወጣል፤ ልዩነቱን ወደ 27 ከፍ አድርጉ። ጉብታው ጨርሶ አይጠፋም፤ ፈላጊው ግን ብዙ ይለፋል።

ማንበብ

ማንበብ ምርጫ ማስቆጠር ነው። ለእያንዳንዱ ቢት 64 ብሎኮች ድምፅ ይሰጣሉ። የመጀመሪያው ቁጥር ከበለጠ 1፣ ሁለተኛው ከበለጠ 0። ልዩነቱ ከ5 ካነሰ ድምፀ ተአቅቦ አድርጉት፤ አትቁጠሩት።

ይህች ድምፀ ተአቅቦ ትንሽ ትመስላለች፤ እኔ ግን ወር ያህል ያለ እሷ ስዳክር ኖሬአለሁ። ጄፔግ በጥራት 25 ሲያምቅ መጠኑ 22 መሆኑ ቀርቶ 44 ይሆናል። ያ የቅድሙ ብሎካችን፣ 14.5 እና ሲቀነስ 10.5፣ ሁለቱም ዜሮ ይሆናሉ። ብሎኩ ሞተ። ግን አልዋሸም። ቅድም እንዳልኩት ማጠጋጋት እኩል ያደርጋል እንጂ አይገለብጥም። ዝም ያለውን ዝም እንዳለ ብትተዉት የተረፉት ጥቂቶቹ እውነቱን ይናገራሉ። እኔ ግን እኩል የሆነውን ሁሉ 0 ብዬ እቆጥር ነበር። በሙታን ድምፅ ምርጫ ተጭበረበረ ማለት ነው።

64ቱ ቢቶች ከወጡ በኋላ ከምትጠብቁት ቁጥር ጋር አስተያዩ። ስንቱ ተመሳሰለ? ምንም ምልክት የሌለበት ፎቶ በአማካይ 32 ያመጣል። ማለፊያ ነጥቡን 52 ብታደርጉ፣ ምልክት የሌለበት ፎቶ በእድል የሚያልፈው ከ4 ሚሊዮን በላይ ሙከራ አንዴ ነው። ጥሩ ነው አይደል? ቆዩ።

ሰው ፎቶውን ከቆረጠው ንጣፉ የት እንደሚጀምር አታውቁም። በፒክስል 64 የመነሻ ቦታ፣ በብሎክ ሌላ 64፣ ሲባዙ 4096 መነሻ ትሞክራላችሁ። 4096 ጊዜ ሎተሪ የቆረጠ ሰው የማሸነፍ እድሉ ያድጋል። ያ ከ4 ሚሊዮን አንዴ የነበረው ስህተት ወደ ሺህ አንዴ ይጠጋል። በዚህ ሰው የሚወነጀል ከሆነ ከሺህ አንዴ ብዙ ነው። ማለፊያውን 58 አድርጉት፤ ከ50 ሚሊዮን ፍለጋ አንዴ ገደማ ይሆናል። ፍለጋችሁ በሰፋ ቁጥር ማለፊያ ነጥባችሁ ይጨምር። ብዙ ሰው የሚረሳው ይኼንን ነው፤ ጉዳዩ ክርክር ላይ ሲደርስም ጠበቃ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይኼንኑ ነው።

እናንተው ስበሩት

ሳይቃጠል በቅጠል። ፎቶውን ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት ራሳችሁ አጥቁት። በጄፔግ 75፣ 50፣ 25፣ 15 አምቁት። ሩቡን ቆርጣችሁ ጣሉ። መጠኑን በግማሽ አሳንሱና መልሱ፤ ለዚህ የመጀመሪያውን መጠን መዝገብ ላይ ማስቀመጥ አለባችሁ፣ አለበለዚያ ብሎኮቹ አይገጥሙም። ብሩህነቱን ጨምሩ። አደብዝዙ። ስክሪንሾት አንሡት። በስልክ ልካችሁ መልሳችሁ ተቀበሉ። ውጤቱን ሁሉ በሰንጠረዥ ጻፉ፤ ከ64 ስንት እንደመጣ በቁጥር፣ «ሠራ» ብቻ ብላችሁ አትለፉ።

ሁለት ዲግሪ ማዞር ይህን ዘዴ ይጥለዋል። ዓይን የማያስተውለው ዝንባሌ ብሎኮቹን ሁሉ ያፋልሳል። በ1997 መጨረሻ የወጣው ስተርማርክ የተባለ ፕሮግራም ያሳየው ይህንን ነበር፤ እንደ ማተምና መልሶ ስካን ማድረግ ያለ ጥቃቅን ማዛባት ብቻ አድርጎ በዘመኑ የነበሩ ብዙ ዋተርማርኮችን ጣለ። መፍትሔው መልሶ ማዞር ነው። ከሲቀነስ 3 እስከ 3 ዲግሪ በሩብ ሩብ ብትሞክሩ 25 ዝንባሌ ይሆናል፤ ከ4096 ጋር ሲባዛ 102,400 ፍለጋ። ማለፊያ ነጥቡ? አዎ፣ እንደገና ይጨምራል። እኔ 60 አደርገዋለሁ።

ከምስጠራ ጋር ሲሄድ

«መልእክቴ የተመሰጠረ ነው፤ ዋተርማርክ ምን ይጨምርልኛል?» የሚል ጥያቄ ሁሌ ይመጣል። ምስጠራ የሚጠብቃችሁ መንገድ ላይ ነው። ተቀባዩ ፋይሉን ከፈተው ማለት ምስጠራው ሥራውን ጨረሰ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ስክሪንሾት አንሥቶ ቢያሠራጨው ምስጠራው አያውቅም። ዋተርማርኩ ግን አብሮ ይሄዳል።

አንድ ምስጢራዊ ምስል ለአምስት ሰው ስትልኩ፣ አምስት የተለያየ ቁጥር አውጡ፤ ለእያንዳንዱ የራሱን ተክላችሁ፣ ከዚያ በእያንዳንዱ የአደባባይ ቁልፍ (ለመመስጠሪያ ለሁሉም በሚሰጠው ቁልፍ) መስጥሩና ላኩ። ቅደም ተከተሉ መትከል፣ ከዚያ መመስጠር ነው። የተመሰጠረ ፋይል ላይ መትከል አይቻልም፤ አንድ ቢት ብትነኩ ወይ አይከፈትም ወይ ተበላሽቷል ይላል። ለተቀባዮቹም ምልክት እንዳለበት ንገሯቸው። በድብቅ ሰውን መከታተል ሌላ ጉዳይ ነው። በ2005 የዲጂታል መብት ተሟጋቹ ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን አንዳንድ የቀለም ማተሚያዎች በየገጹ ላይ የማሽኑን መለያ ቁጥር በማይታዩ ቢጫ ነጠብጣቦች እንደሚያትሙ ሲያሳይ ብዙ ሰው የተቆጣው ስላልተነገረው ነው።

ሁለት ተቀባዮች ተመሳጥረው ቅጂዎቻቸውን ቢያማክሉስ፣ ማለትም የሁለቱን ፒክስሎች አማካይ ቢያወጡስ? ቁጥሮቻቸው በተመሳሰሉበት ምልክቱ ይቀራል፤ በተለያዩበት ይጠፋል። በ64 ቢት ላይ ሁለቱም ወደ 48 አካባቢ ነጥብ ይዘው ከማለፊያው በታች ይቀራሉ። ሁለቱም አመለጡ ማለት ነው። ይህ የሚያሰጋችሁ ከሆነ ቁጥሩን 256 ቢት አድርጉ፤ ድግግሞሹ ከ64 ወደ 16 ይወርዳል፣ በምላሹ የተማከለውን ለመለየት በቂ ቢት ታገኛላችሁ። ዳን ቦኔና ጄምስ ሾ በ1995 ለዚሁ የተሠሩ ኮዶችን አቅርበዋል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ምልክት ስላገኛችሁ ብቻ የባለቤትነት ክርክር አላለቀም። ሌላ ሰው የራሱን ምልክት በላዩ ተክሎ «የእኔ ነው» ማለት ይችላል፤ ሁለቱም ይነበባሉ። ማን ቀደመ የሚለውን የሚፈታው መዝገቡ ነው። የመጀመሪያው ፎቶ ሀሽ (የፋይሉ የጣት አሻራ የሚሆን ቁጥር)፣ የተተከለው ቁጥር፣ የምስሉ መጠን፣ ቀኑና ተቀባዩ ይመዝገቡ። ቁልፉን እዚያው እንዳታስቀምጡት፤ እሱ ሌላ ቦታ ይደር።

ይህን ሁሉ ከጨረስኩ በኋላ ወደ አማካሪዬ ቢሮ ተመለስኩ። በስልክ ላኩላቸው፣ መለሱልኝ፤ ከ64 64። ቆረጡት፤ 63። ትንሽ አዘነበሉት፤ 61። ተደስቼ መሄድ አማረኝ። እሳቸው ግን ምንም ሳይሉ ስልካቸውን አወጡና የኮምፒውተሬን ስክሪን በካሜራ አነሡት፤ ከጎን፣ የመስኮቱ ነጸብራቅ እንዳረፈበት። ላኩልኝ። ፕሮግራሙ 4096ቱንም መነሻ ሞክሮ ያገኘው ትልቁ ነጥብ 47 ነበር። በዚያ ሁሉ ሙከራ 47 በእድልም ይገኛል። ሰንጠረዡ ላይ አዲስ ረድፍ ጨመርኩና «የስክሪን ፎቶ፣ 47፣ አልተነበበም» ብዬ ጻፍኩ። እሳቸው ሻይ አዘዙልኝ።